ክንድ ላይ የሚያብጥ ትዝታ

አሜሪካ ገብቶ ሆስፒታል ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ የጀመረ ሐበሻ ይቺን የቲቢ ምርመራ ያውቃታል። ነርሷ ክንዳችሁን ትገለብጥና በቀጭን መርፌ ቆዳው ውስጥ ጠብታ የምታህል ፈሳሽ ታስገባለች። ቦታው ጉብ ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። "ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሱ፣ ከሦስት ቀን ግን እንዳታሳልፉ" ትባላላችሁ። እንዳታኩትም ትመከራላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ጠጠር ይላል። ነርሷ ማስመሪያ ታወጣለች። የምትለካው መቅላቱን ሳይሆን የጠጠረውን ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ብዙ ሰው እዚያው ይደነግጣል። "ቲቢ አለብኝ ማለት ነው?" የግድ አይደለም። ሰውነት የቲቢን ባክቴሪያ ወይም የቅርብ ዘመዱን በሆነ ጊዜ አግኝቶታል ማለት ነው። በጨቅላነቱ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት የተከተበ ሰውም አድጎ ክንዱ ሊያብጥ ይችላል። ለዚህ ነው ቀጥሎ የደም ምርመራና ራጅ የሚታዘዘው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መርፌው ውስጥ ሕይወት ያለው ጀርም የለም። ከባክቴሪያው የተወሰደ የፕሮቲን ርዝራዥ ብቻ ነው። ቆዳው ታዲያ እንዴት አወቀው? ደግሞስ ለምን ሁለት ቀን ፈጀበት?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የመጀመሪያውንም ይዞ ይመጣል። አለርጂ ያለበት ሰው ንብ ስትነድፈው በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል። ያ የአንቲቦዲ ሥራ ነው። አንቲቦዲ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ፕሮቲን ስለሆነ ጊዜ አይፈጅበትም። የክንዳችሁ እብጠት ሁለት ቀን የሚፈጀው ሕያው ሴሎች ተጠርተው፣ በደም ተጉዘው፣ ቦታው ደርሰው፣ ሌሎችንም ጠርተው መሰብሰብ ስላለባቸው ነው። እነዚህ ቲ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። የሰውነት ትዝታ በዓይን የሚታይበትና በማስመሪያ የሚለካበት አጋጣሚ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም።

ቋንቋችን ይህን ነገር ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። ክታብም ክትባትም የዚያው ቃል ልጆች ናቸው። መከተብ ሰውነት ላይ መጻፍ ነው እንደማለት። ታዲያ የሚጻፈው የት ላይ ነው? ብራናው ምንድን ነው? አንቲቦዲ የሚሠሩት ቢ ሴሎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ ቲ ሴልን ብቻ እንከተል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቲ ሴል የሚወለደው መቅኒ ውስጥ ነው። የሚያድገው ግን ከፍርምባ አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብሎ ባለ ታይመስ የሚባል ዕጢ ውስጥ ነው። "ቲ" የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ ነው። የታይመስ ጥቅም ለረጅም ዘመን አልታወቀም ነበር። ብዙ ሐኪሞች ጊዜው ያለፈበት ትርፍ ሥጋ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በ1961 ዣክ ሚለር የተባለ ወጣት ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ ታይመሱን አወጣ። አይጦቹ መጀመሪያ ደህና ይመስሉ ነበር። ቆይተው ግን ይከሱ፣ በኢንፌክሽንም ይሞቱ ጀመር። የሌላ አይጥ ቆዳ ሲለጠፍባቸው እንኳ "ይህ የእኔ አይደለም" ብሎ የሚጥል ሰውነት አልነበራቸውም።

ታይመስን ትምህርት ቤት ነው የሚሉት አሉ። እኔ ብሆን ወንፊት ነው የምለው። እያንዳንዱ ቲ ሴል ላዩ ላይ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን ያበቅላል፤ የሚዳስሰው በዚያ ነው። የተቀባዩ ቅርጽ በዕጣ የሚወጣ ነው። ሴሉ የጂን ቁርጥራጮችን በዘፈቀደ እየገጣጠመ ይሠራዋል። ስለዚህ አንዱ የኩፍኝን ቁራጭ፣ ሌላው የቲቢን፣ ሌላው ደግሞ ምድር ላይ ገና ያልታየ ቫይረስን የሚያውቅ ተቀባይ ይዞ ይወጣል። መዳሰስ የማይችል ተቀባይ የደረሰው ሴል ይሞታል። የገዛ ሰውነቱን አጥብቆ የሚይዘውም ይሞታል። ከመቶው 95 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ከወንፊቱ በሕይወት አይወጣም።

አልፎ የወጣው ሴል ገና ምንም ያላየ ጀማሪ ነው። ዕድሜውን ከንፍፊት ወደ ንፍፊት እየዞረ ይፈጀዋል። ንፍፊት ስል ጉሮሮ ሲታመም አንገት ሥር፣ እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የምትጎረብጠውን ነው። ሳታብጥም እዚያው አለች፤ ሐኪሞቹ ሊምፍ ኖድ ይሏታል።

ለአንድ የተወሰነ የቫይረስ ቁራጭ የሚሆኑ ጀማሪ ሴሎች በጣም ጥቂት ናቸው። ከመቶ ሺህ አንዱ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን አንዱ ቢሆን ነው። መርካቶ መሀል ስሙንም መልኩንም የማታውቁትን አንድ ሰው ፈልጉ እንደማለት ነው። ሰውነት ይህን ችግር የፈታው ገበያ በማቋቋም ነው። ቲ ሴሎቹ እያንዳንዱን የቆዳና የሳንባ ጥግ አያስሱም። ንፍፊቷ ውስጥ ይጠብቃሉ። ደንድራይቲክ የሚባሉ ቅርንጫፍ የበዛባቸው ሴሎች የጀርሙን ስብርባሪ ተሸክመው ወደ ገበያው ይመጣሉ። "ይህን የሚያውቅ አለ?" ብለው ለአላፊ አግዳሚው ያሳያሉ።

እነዚህን ሴሎች በ1973 ለዓለም ያስተዋወቀው ራልፍ ስታይንማን ታሪኩ ልብ ይነካል። በ2011 ኖቤል እንደተሸለመ ሲታወጅ እሱ ከሦስት ቀን በፊት በጣፊያ (ፓንክሪያስ) ካንሰር ሞቶ ነበር። ኮሚቴው መሞቱን አላወቀም። ለሞተ ሰው አይሰጥም የሚል ደንብ ቢኖርም ሽልማቱ ጸና። በራሱ ግኝት ላይ የተመሠረቱ የሙከራ ሕክምናዎችንም በራሱ ላይ ሞክሯል።

ወደ ገበያው እንመለስ። ትክክለኛው ቲ ሴል ቁራጩን ሲዳስስ ወዲያው አይነሳም። ደንድራይቲኩ "ይህ አደጋ ነው" የሚል ሁለተኛ ምልክት ሊሰጠው ይገባል። ምልክቱ ከሌለ ሴሉ ዝም ይላል፤ አለዚያማ የበላነውን ሁሉ ስንዋጋ እንኖር ነበር። ምልክቱ ካለ ክተት ታወጀ ማለት ነው። ሴሉ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ይከፈላል። አይጥ ላይ እንደታየው በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ሊከፈል ይችላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ ሴል ከአሥር ሺህ በላይ ይሆናል። አንገታችሁ ሥር ያበጠችው ንፍፊት በከፊል ይሄ ግርግር ነው።

ዘማቾቹ ባጭሩ ሁለት ዓይነት ናቸው። ገዳዮቹ ቫይረስ የገባበትን ሴል ፈልገው ይበሱታል፤ ከውስጥ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርግ ኢንዛይም ይረጩበታል። ረዳቶቹ ደግሞ ትእዛዝ ሰጪዎች ናቸው፤ ያለነሱ ገዳዮቹም ቢ ሴሎቹም በወጉ አይሠሩም። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው እነዚህን ረዳቶች መሆኑ ነው ሁሉን ነገር የሚያፈርሰው።

ጠላት ካለቀ በኋላስ? ይህን ያህል የታጠቀ ሠራዊት ሰውነት ውስጥ ቢቆይ ለራሱ ለባለቤቱ አደጋ ነው። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሳምንታት ከ90 እስከ 95 በመቶው ይሞታል። ጡረታ የለም፣ ሜዳሊያ የለም። ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሌሎች ሴሎች ሬሳቸውን ይበላሉ። የቀሩት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት አስታዋሽ ቲ ሴሎች ይባላሉ። ቁጥራቸው አነስተኛ ቢመስልም ከሕመሙ በፊት ከነበሩት ጀማሪዎች በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣሉ።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ለዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ አለ። ተርፎ የሚያስታውሰው ማን ነው? አንዱ ወገን "ገና ከመጀመሪያው ተለይቶ ከውጊያ ውጭ የተቀመጠ ሴል ነው" ይላል፤ ዘር እንደማስቀረት። ሌላው ወገን "ተዋግቶ የተመለሰ ዘማች ነው" ይላል። ልዩነቱ የቃላት አይደለም። ዘማች ከሆነ፣ ከውጊያው አንድ ነገር ይዞ ተመልሷል ማለት ነው።

ይህን ሰው ላይ ለማየት ጥሩ መንገድ የሆነው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ቢጫ ወባ ለእኛ ሩቅ በሽታ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ያዳረሰው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ነው። ማክስ ቴይለር የተባለ ተመራማሪ በ1930ዎቹ የሠራው ክትባት ያኔም ነበር፤ ሰዎቹ ጋ አልደረሰም እንጂ። ዛሬ ፓስፖርታችን ውስጥ የምትሸጎጠው ቢጫ ካርድ የዚያው ክትባት ምስክር ናት። ቀድሞ በየአሥር ዓመቱ ድገሙ ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አንዱ መርፌ ለዕድሜ ልክ ይበቃል አለ፤ ከ2016 ጀምሮ ካርዷም ዕድሜ ልክ ታገለግላለች። እንግዲህ ከአንዲት መርፌ ዕድሜ ልክ የሚቆየው ነገር ምንድን ነው?

አትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ፣ በራፊ አህመድ የሚመራው ቡድን ይህን ለማወቅ ብልህ ዘዴ ተጠቀመ። ፈቃደኞቹ ክትባቱን ወስደው ለሁለት ሳምንት ያህል ከባድ ውሃ ጠጡ። ከባድ ውሃ እንደማንኛውም ውሃ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ብቻ ክብደቱ እጥፍ ነው። ሬዲዮአክቲቭ አይደለም፤ በዚያ መጠንም አይጎዳም። ሴል ሲከፈል አዲስ ዲ ኤን ኤ ይሠራል፤ ለመሥሪያም ሰውነት ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ይጠቀማል። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የተከፈለ ሴል ሁሉ ዲ ኤን ኤው ውስጥ ከባዱ ሃይድሮጅን ተቀበረበት። ማኅተም ተመታበት በሉት።

ከዚያ ውሃው ቆመ። አሁን ማኅተሙ ሁለት ዕድል አለው። ሴሉ መከፈሉን ከቀጠለ በየክፍፍሉ በግማሽ እየሳሳ ይጠፋል። ሴሉ ካረፈ ግን ማኅተሙ እንዳለ ይቆያል። ተመራማሪዎቹ በወራትና በዓመታት እየተመለሱ ደም ቀዱ። በ2017 ያወጡት ውጤት ግልጽ ነበር። አስታዋሾቹ ማኅተሙን ተሸክመዋል። ማለትም በእነዚያ የውጊያ ሳምንታት ውስጥ በኃይል ሲባዙ የነበሩት ናቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከሞላ ጎደል አርፈዋል፤ በአማካይ በዓመት አንዴ እንኳ አይከፈሉም።

ይበልጥ የሚገርመው ውስጣቸው ሲታይ ነው። አስታዋሽ ሴል ሲታይ ጨዋ ነው። መሣሪያ አልያዘም፣ ሩጫ የለም፤ በብዙ ነገሩ ያንን ምንም ያላየ ጀማሪ ይመስላል። ልዩነቱ ዲ ኤን ኤው የታጠፈበት መንገድ ላይ ነው። የሰውነታችን ሴሎች ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው የያዙት። የዓይን ሴልን ከጉበት ሴል የሚለየው የትኛው ገጽ ተገልጦ የትኛው ተጣብቆ እንደተቀመጠ ነው። በጀማሪው ቲ ሴል የመሣሪያ መሥሪያ ገጾቹ የተጣበቁ ናቸው። ሲዘምት ይገለጣሉ፤ ገጾቹን የዘጉት ኬሚካላዊ ምልክቶችም ይነሳሉ። ሰላም ሲሆን ሴሉ ማንበቡን ያቆማል፤ መጽሐፉን ያጥፈዋል። ግን ገጾቹን መልሶ አያጣብቃቸውም።

የድሮ የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ የተሰፉትን ባለቀለም ክሮች ያስታውሳል። ካህኑ ክሩን በጣቱ ይዞ ቀጥታ ወደሚፈልገው ቦታ ይገልጣል። አስታዋሽ ቲ ሴል ክር የተሰፋበት መጽሐፍ ነው። ጠላት ሲመለስ ጀማሪው ገጽ ሲያላቅቅ ቀናት ይፈጅበታል። አስታዋሹ በሰዓታት ውስጥ ታጥቆ ይነሳል። ስለዚህ "የት ነው የተከተበው?" ላልነው ጥያቄ ሳይንስ የሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ከውጊያ የተረፈ ሕያው ሴል ውስጥ፣ ዲ ኤን ኤው በታጠፈበት መንገድ ላይ።

በእርግጥ ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አላለቀም። አንዳንድ ሴሎች ቀድመው ተለይተው ሊቀመጡ እንደሚችሉ የሚያሳዩ ሥራዎችም አሉ። እኔ ሁለቱም መንገድ አለ የሚሉት ይመቹኛል፤ ሰውነት በአንድ በር ብቻ የሚወጣ ነገር እምብዛም የለውም።

ሕያው ሴል ነው ካልን ደግሞ መብላት አለበት፣ ይሞታልም። እንዴት አሥርት ዓመታት ይቆያል? አስታዋሾቹን የሚያኖሩ ሁለት መልእክተኛ ፕሮቲኖች አሉ፤ ኢንተርሉኪን-7 እና ኢንተርሉኪን-15 ይባላሉ። የመጀመሪያው "አትሙት" የሚል መልእክት ነው። ሁለተኛው "አልፎ አልፎ ተተካ" የሚል። ጠላትን ዳግም ማየት አያስፈልጋቸውም። አንዱ ሴል ይሞታል፣ አንዱ ይከፈላል፣ ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል። እርሾ በሉት። ዛሬ ሊጡ ውስጥ የምትገባው እርሾ የዛሬ አሥር ዓመቷ ፈሳሽ አይደለችም፤ ግን ሳትቋረጥ የመጣች ናት።

እርሾዋም ቀስ በቀስ ትሳሳለች። ፈንጣጣ የተከተቡ ሰዎች ላይ አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት በ2003 እንዳሳየው የቲ ሴል ትዝታቸው በየ8 እስከ 15 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቢሆንም ከ75 ዓመት በኋላም ተገኝቷል። አገራችን የመጨረሻውን የፈንጣጣ ታማሚ ያየችው በ1976 ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ክንድ ላይ ያለችው የክትባት ጠባሳ ሥር ምናልባት ዛሬም ጥቂት አስታዋሾች ይኖራሉ፤ የማይመጣ ጠላት እየጠበቁ። በ2003 የኮቪድ ዘመድ የሆነው ሳርስ ይዟቸው ከዳኑ ሰዎች መካከልም ከ17 ዓመት በኋላ ቫይረሱን የሚያውቁ ቲ ሴሎች የተገኙባቸው አሉ። የሳርስ አንቲቦዲያቸው ግን በጥቂት ዓመታት ነበር የወረደው።

አስታዋሾቹ ሁሉ አንድ ቦታ አይቀመጡም። ከፊሎቹ እንደ ጀማሪዎቹ ንፍፊት ለንፍፊት ይዞራሉ። ከፊሎቹ በደም ሰውነትን ይቃኛሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቆዳ፣ ሳንባና አንጀት ውስጥ ሰፍረው ይቀራሉ፤ ከዚያ አይንቀሳቀሱም። ጠላት ባለፈው የገባበት በር ላይ የተቀመጡ ዘበኞች ናቸው።

ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። አስታዋሽ ለመሆን ጠላት መሄድ አለበት። እንደ ሄፓታይተስ ሲ ወይም ካንሰር ጠላት ከሰውነት የማይወጣ ከሆነ ቲ ሴሉ ዕረፍት አያገኝም። ይዝላል፤ ላዩ ላይ የፍሬን ፕሮቲኖች ያበዛል፣ መግደሉን ይቀንሳል። ፍሬኑን በመድኃኒት በማንሳት ካንሰርን ማከም እንደሚቻል ያሳዩት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል ተሸልመዋል። ነገር ግን የዛለ ሴል ፍሬኑ ቢነሳለትም ወደ እውነተኛ አስታዋሽነት መመለስ ይቸግረዋል። ለእሱ የተሰፋው ክር የድካም ገጽ ላይ ነው።

ረጅም ዕድሜም ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ፀረ ኤች አይ ቪ ኪኒን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በደሙ እስከማይታይ ይወርድለታል። "ታዲያ ለምን ማቆም አልችልም?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ አስታዋሽ ሴሎቹ ውስጥ ነው። ቫይረሱ የዘር ጽሑፉን በረዳት ቲ ሴል ዲ ኤን ኤ ውስጥ አስገብቶ ይጽፋል። ሴሉ አስታዋሽ ሆኖ ሲያርፍ ቫይረሱም አብሮ ያርፋል። መድኃኒቱ የሚያቆመው የሚራባውን ቫይረስ ነው፤ የተኛውን አያገኘውም። የዚህ ድብቅ ክምችት መጠን በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ እንደሚፈጅበት ተለክቷል። በዚያ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ከ60 ዓመት በላይ ይወስዳል። ሰውነት ለጥበቃ የሠራው ዕድሜ ለጠላት መኖሪያ ሆነ።

ታይመስም አያረጅም አይባልም። ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሸሸ ስብ ይሆናል፤ አዳዲስ ጀማሪዎች እያነሱ ይሄዳሉ። አያቶቻችን የልጅነታቸውን ነገር ፊደል ሳያጎድሉ ነግረው የትናንቱን እንደሚረሱት ሁሉ፣ ቲ ሴሎቻቸውም የጥንቱን ጠላት ያውቁና ለአዲሱ ይቸገራሉ። ኮቪድ ሲመጣ አረጋውያን ላይ የበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ኩፍኝ ነው። ብዙዎቻችን ሽፍታ ወጥቶ የሚያልፍ የልጅ በሽታ አድርገን ነው የምናየው። የኩፍኝ ቫይረስ ወደ ሴል የሚገባበት በር አስታዋሽ ቲና ቢ ሴሎች ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ሲገባ ልጁ እስከዚያ ዕለት ያጠራቀመውን ትዝታ የተሸከሙትን ሴሎች እየመረጠ ይገድላል። በኔዘርላንድስ ክትባት ያልወሰዱ 77 ልጆች ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ደማቸው ተመርምሮ ነበር። በ2019 እንደተዘገበው ለሌሎች በሽታዎች ከነበራቸው የአንቲቦዲ ዓይነት ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ ተገኘ። ልጁ ከኩፍኙ ይድናል። ከወራት በኋላ ግን በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ይያዛል፤ ማንም ከኩፍኙ ጋር አያያይዘውም። አገራችን ውስጥ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠው ክትባት ታዲያ የሚጠብቀው ከኩፍኝ ብቻ አይደለም። ቀድሞ የተጻፈውን ሁሉ ከመፋቅ ይጠብቃል። ደግሞ ክትባቱ ራሱ ትዝታ አይፍቅም።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያየው ሰው ያየው በዚያችው ክንድ ላይ በምትሰጠው የቲቢ ምርመራ ነው። ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1907 የልጆችን ቆዳ ጫር አድርጎ የቲቢ ፈሳሽ በመቀባት ከባክቴሪያው ጋር የተገናኙትን መለየት ጀመረ። በዓመቱ፣ በ1908፣ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ከዚያ በፊት ክንዳቸው በግልጽ ያብጥ የነበሩ ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው እብጠቱ ይጠፋ ነበር። ቲቢው አልወጣላቸውም፤ እንዲያውም ሐኪሞች ከኩፍኝ በኋላ ቲቢ እንደሚብስ ያውቁ ነበር። ቲ ሴል የሚባል ነገር መኖሩ እስኪታወቅ ገና ከ50 ዓመት በላይ ይቀር ስለነበር ፒርኬ ምክንያቱን ሊያውቅ አይችልም። ፈሳሹ ያው ነበር፣ ልጆቹም ያው ነበሩ። ቆዳው ብቻ ዝም አለ።